ሁሉም አልፈልግም ያለው ክምር

ክምሩ እየጎደለ መሆኑን ያወቅሁት በአንድ የቀርከሃ ዘንግ ነው። ዘንጉን የተከልኩት ሌባ ልይዝ ብዬ አልነበረም፤ ለማዘጋጀው እቅድ ቁጥር ስላስፈለገኝ ነው። በየስንዝሩ ቀይ ቀለም ቀብቼ ክምሩ መሀል አቆምኩት፤ ሰኞ ሰኞ እየሄድኩ የት ድረስ እንደተሸፈነ እጽፍ ነበር። በአራተኛው ሰኞ ስሄድ ቀደም ሲል ተሸፍነው የነበሩ ሁለት ምልክቶች ወጥተው አየኋቸው። ወደ ኋላ ዞርኩ። ከጀርባው በኩል ክምሩ ተቆርሶ ገደል መስሏል።

የምን ክምር እንደሆነ ልናገር። ከነቀምቴ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከየሰው ሽንት ቤት የተመጠጠው ፍሳሽ የሚደርቅበት ግቢ አለ። ቦቴዎቹ ያመጡትን እዚያ በተሠሩ ገንዳዎች ውስጥ ይገለብጣሉ። ውሃው በአሸዋው ሰርጎ ይሄዳል፤ ዝቃጩ ከላይ ይቀርና እንደ በጋ ረግረግ ይሰነጣጠቃል። ከዚያ ይዛቅና በቆርቆሮ ጣራ ስር ይከመራል፤ በእኛ አገር ዝናብ ያለ ጣራ የሚደርቅ ነገር የለም። ከተከመረ በኋላም ክረምትና በጋ ሊያልፍበት ይገባል። ከላይ ሲያዩት ደረቅ ቢመስልም የወስፋት እንቁላል ውስጡ አይሞትም፤ የሚገድለው ጊዜና ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ክምሮቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ጊዜውን የጨረሰው አሮጌው፣ ሌላው ገና ከገንዳ የወጣው አዲሱ። የጎደለው አዲሱ ነበር።

በመሥሪያ ቤታችን ይህን ሥራ የሚፈልገው ሰው አልነበረም። ውሃ የሚዘረጉት ባልደረቦቼ ቧንቧ ሲከፍቱ እልል ይባልላቸዋል። የእኔ ሥራ በደንብ ሲሠራ ማንም አያየውም፤ ሲበላሽ ግን አገር ሁሉ ይሸተዋል። ከተማው ደግሞ እያደገ ነው። ሆቴል ይሠራል፣ ፎቅ ይሠራል፣ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ቦቴ ይጠራል። ጎረቤቶቻችን ሲሬም እንዲሁ፣ ዲጋም እንዲሁ። አንድ ቀን ከበላይ ደብዳቤ መጣ፦ የእነዚህ ከተሞች የደረቀ ዝቃጭ ለረጅም ዘመን የት እንደሚሄድ የሚያሳይ አንድ የጋራ እቅድ ይዘጋጅ። ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ሰነበተና እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ይኼ እኮ ቀላል ነው" አለኝ ሃላፊዬ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ በጣቱ እየመታ። "አንገር ጉቲን ውሰደው። የድሮው የመንግሥት እርሻ መሬት ሰፊ ነው፤ ሩቅ ነው፤ ለማንም አይታይም። ደግሞ ያንተ አገር ነው። ትግባባቸዋለህ።"

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ያን ጊዜ ገባኝ። የተወለድኩት አንገር ጉቲን ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ፣ በዚያ ረሃብ፣ ከወሎ ተጭነው የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። ነቀምቴ ውስጥ ኦሮምኛዬ ከጎረቤቶቼ አይለይም፤ ቢሆንም የሰፋሪ ልጅ መሆኔን የማያውቅ የለም። አንገር ጉቲን ስሄድ ደግሞ የቢሮ ሰው ነኝ። ሥራውን የሰጡኝ ስለምችለው ነው ወይስ አባቴን ማሳመን ስለምችል? ይህን ሃላፊዬን አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው እውነቱን አይነግረኝም ነበር፤ ቢነግረኝም አላምነውም ነበር።

ሄድኩ። መንገዱ እንደ ልማዱ አጥንት ይፈታል። አባቴ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ማንጎው ስር ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ከአሮጌው ክምር በፌስታል ይዤ ሄጄ ነበርና ፈትቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ጥቁር ነው፤ ሽታ የለውም፤ የጫካ አፈር ይመስላል። ከጎረቤቶቹ አንዱ በጣቱ ቆንጥሮ አሸተተው። አባቴ ግን እጁን ሰበሰበ።

"ነጃሳ ነው" አለ።

"ነበረ፣ አብዬ። አሁን ተብላልቶ አፈር ሆኗል።"

"ለመሬት ይበጃል?"

"በጣም እንጂ።"

"ታዲያ እነሱ ለምን አልያዙትም?"

"በዝቶባቸው ነው" አልኩ።

"ማር ቢበዛባቸው ያመጡልን ነበር?"

ጎረቤቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አባቴ አልሳቀም።

"ስማኝ ልጄ" አለ። "እኛን ሲያመጡን ወረቀት የያዘ ሰው መጣ። እንዳንተ ሸጋ ልጅ ነበር፤ አንደበቱም እንዳንተ። ለም መሬት አለ አለን። እውነቱን ነው፤ አለ። ዝናብ አለ አለን። አለ፣ አልሐምዱሊላህ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ያልተናገረው ወባውን ነው። ታናሽ እህቴን የበላት እሱ ያልተናገረው ነው።" ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ፦ "አንተስ ያልነገርከን ምንድን ነው?"

አባቴ ጥርጣሬን ከማንም አልተማረውም፤ ኖሮበት ነው ያገኘው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለ ወስፋቱ እንቁላል ነገርኳቸው። ሳይቆይ ከወጣ እንደሚያሳምም፣ በጥሬው በሚበላ አትክልት ላይ መደረግ እንደሌለበት፣ ከተማው ሲቸኩል ያልቆየውን ሊጭን እንደሚችል፣ ሁሉንም። አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

"በል፣ ይህን በወረቀትህ ላይ መጀመሪያ ጻፈው። ከታች አታድርገው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የሚጠረጥር ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ነው የሚያየው።"

ነቀምቴ ስመለስ ይህን ለሃላፊዬ ነገርኩት። "ኧረ ተው" አለኝ። "ወስፋት ምናምን ብለህ ሕዝብ ልታስፈራራ ነው? ማዳበሪያ ነው በል፣ በቃ።" ቀጣዩ ስብሰባ፣ ዝቃጩን ይቀበሉ እንደሆነ ለመጠየቅ፣ ከግቢው አጠገብ በዲጋ በኩል ካሉ ገበሬዎች ጋር ነበር። ልናገር ወይስ ልተው እያልኩ አደርኩና ተውኩት። የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው፤ በሌላ ሰው አላመካኝም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ስለ እቅዱ ተናገርኩ፤ ስለ አፈር ተናገርኩ። ሃላፊዬ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሰማ ነበር። ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ፀሐይም ይሁን ዝናብ ጥቁር ጃንጥላቸው ከእጃቸው አይጠፋም። በቤተ ክርስቲያናቸው የተከበሩ እንደሆኑ ሰምቻለሁ፤ ሰውም ዝም ብሎ ሲጠብቃቸው አየሁ።

"ኩን ኡዳን ነማቲ!" አሉ ጃንጥላቸውን ይዤ ወደ መጣሁት የአፈር ፌስታል እየቀሰሩ። ይህ የሰው ዓይነ ምድር ነው ማለታቸው ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። "ከተሜው በልቶ የጣለውን እኛ መልሰን እንድንበላው ነው? በአባቶቻችን መሬት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይወድቅም!"

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ቃለ ጉባኤው ላይ "ኅብረተሰቡ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም" ተብሎ ተጻፈ። ሃላፊዬ በመኪና ስንመለስ "አየህ? አንገር ጉቲን ነው መፍትሔው" አለኝ።

እንግዲህ ክምሩ የጎደለው ከዚህ ስብሰባ በኋላ ነው። ሁሉም አልፈልግም ያለውን ነገር ማን ይሰርቃል?

ግቢውን የምትጠብቀውና ዝቃጩን የምትዝቀው ሴት ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ሁላችንም በአክብሮት አዴ ነው የምንላት። ቦታው ከተከፈተ ጀምሮ አለች። ከሥራ ስትወጣ እጇን በሎሚ ታሻለች። ጸሎት ቤት ስትገባ አግዳሚው ላይ ሰው ጠጋ እንደሚልላት ሳይሆን ፈቀቅ እንደሚልባት አንድ ቀን ነግራኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ቁልፉን በክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች።

"ይህ ክምር ምን ሆነ?" አልኳት።

"ይደርቃል ኢንጂነር። ሲደርቅ ይጎድላል።"

እውነት ነው፤ ዝቃጭ ሲደርቅ ይኮማተራል። ነገር ግን በአንድ ጎኑ ብቻ አይኮማተርም። ይህን አላልኳትም። ከቦቴ ሾፌሮቹ አንዱ ውጭ ቆሞ ነበርና ስወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ሴትዮዋ አዲስ ቦቲ ጫማ ማድረጓን አይተሃል?" አለኝ። አላየሁም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ። ጫማዋን አየሁ። የምሳ ዕቃዋን የምትይዝበት ዘንቢል ትልቅ መሆኑን አየሁ። አካፋው ማታ ከቆመበት ቦታ ጠዋት ላይ ፈቀቅ ማለቱን አየሁ። እሷ ስትዝቅ እኔ ግቢው ውስጥ ባለው ጽሕፈት ቤቴ መስኮት ላይ ቆሜ አያታለሁ፤ ቀና ስትል ወረቀት የማነብ እመስላለሁ። እንዲህ ሆኜ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠራኋት።

"አዴ፣ የት ወሰድሽው?"

ለአፍታ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ክሩን በራሷ ላይ አውጥታ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው፤ አልወረወረችውም።

"እንግዲህ አንተው ያዘው" አለች።

"እንደዚህ ማለቴ አይደለም።"

"እንደዚህ ነው ያልከው።"

ከዚያ ቀን በኋላ በጠዋት እየመጣሁ በሩን የምከፍትላት፣ ሲመሽም የምዘጋው እኔ ሆንኩ። ሰላምታ ትሰጠኛለች፤ ከሰላምታው በላይ ግን አንድ ቃል አትጨምርም። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ እያለ ክምሩ መጉደሉን ቀጠለ።

አንድ የገበያ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ግቢው ሄድኩ። በዋናው በር አልገባሁም፤ በውጭ በኩል አጥሩን ተከትዬ ዞርኩ። ከክምሩ ጀርባ፣ የሽቦ አጥሩ ከመሬት ተነቅሎ በብልሃት ተመልሶ የተጋደመበት ቦታ አገኘሁ። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ፣ የአህያ ኮቴ የደለደለው መንገድ ይወርዳል። ጭቃው ላይ የወዳደቀ ጥቁር ነገር አለ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ማሽተት አላስፈለገኝም።

ኮቴውን ተከትዬ ወረድኩ። ወንዙ ዳር ዘወትር ከመንገድ የማላየው አትክልት ተዘርግቷል፤ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት። እንዲህ ያለ ሰላጣ ዓይቼ አላውቅም፤ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ ያክላል። ሁለት አህዮች ባዶ ጆንያ ጭነው ቆመዋል። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ካሮት የሚነቅሉ አንድ ሰው ወደ እኔ ቀና አሉ። ጥቁር ጃንጥላ ከመደቡ ጫፍ መሬት ላይ ተሰክቷል።

ከአዳራሹ ሁሉ በላይ የጮኹት ሽማግሌ ናቸው።

"አካም ቡልተኒ" አልኩ፤ እንዴት አደሩ ማለት ነው። ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም።

"ነጋ ዳ፣ ኢልማ ኮ" አሉ፤ ደህና ነኝ ልጄ። አልደነገጡም። እጃቸውን በሣር ጠርገው ጨበጡኝ። የተነጋገርነው ሁሉ በኦሮምኛ ነበር።

"አባ፣ ይህ ከእኛ ግቢ የመጣ ነው?"

"ከየት ሊመጣ ኖሯል?"

"በስብሰባው ላይ እኮ እርስዎ..."

"በስብሰባው ላይ ያልኩትን አውቃለሁ።" በጣታቸው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። "ጥሩ ነገር ነው ብዬ ብናገር ምን ታደርጉ ነበር? አጥር ታጠብቃላችሁ። ማኅበር አቋቁሙ ትላላችሁ። ማኅበሩን የሚመራ ሰው ከከተማ ታመጣላችሁ። ከዚያ እኔ ከሩቅ እያየሁ ሌላው ይወስደዋል። ይህን ስንት ጊዜ አይተናል? ደግሞ ገበያ ላይ ያለችው ሴት በምን የበቀለ ካሮት እንደምትገዛ ካወቀች ትገዛኛለች? ዝም ብሎ የሚወሰድ ነገር ዝም ብሎ ይወሰድ ብዬ ነው።"

ልናደድ ፈለግሁ፤ መናደድ አቃተኝ። ሃላፊዬ ሊያደርግ የሚችለውን ነገር አንድ በአንድ ነግረውኛል።

"ከየትኛው ክምር ነው የወሰዱት?"

"ከለስላሳው ነዋ። ያ አሮጌው እንደ አመድ ነው፤ ጉልበት የለውም።"

ለስላሳው አዲሱ ነው። ካሮቱን ገበያ የሚያወርዱት ነቀምቴ ነው። ባለቤቴ ከዚያ ገበያ ካሮት ትገዛለች፤ ሴት ልጄ ታጥቦ ሳይደርቅ እየነጠቀች ጥሬውን ነው የምትበላው። እዚያው መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩና ለአባቴ የነገርኩትን ሁሉ ለእሳቸውም ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ ቆዩ። መጀመሪያ ፊታቸው ላይ የታየኝ ፍርሃት ሳይሆን ጥርጣሬ ነው።

"ይህን የምትለኝ እንድተወው ነው? ለሌላ ልትሰጡት?"

"አይደለም አባ። አሮጌውን ይውሰዱ፤ እኔ ራሴ እጭንልዎታለሁ። ይህኛው ግን ያሳምማል።"

"እውነት ከሆነ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ያን ዕለት በአዳራሹ ለምን አልተናገርክም? ያ ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማህ አልነበረም? እኔን ካታለልክ አታለልከኝ፤ የልጅ ልጆቼ እዚህ መደብ ላይ እየተንከባለሉ ነው የሚያድጉት።"

ብቻ፣ "ፈርቼ ነው" አልኩ። እውነቱም ይኸው ነበር። ሽማግሌው እስከዚያ የነቀሉትን ካሮት መሬት ላይ በተኑት።

አሁንም ግን አላመኑኝም፤ ሌላ ሰው ይንገረኝ አሉ። ወደ ግቢው አብረን ወጣን። አዴ በሩ ላይ ቆማ ቁልፍ ትጠብቅ ነበር። ሽማግሌውን ስታይ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለች፤ ከአንድ ጸሎት ቤት ናቸው። የመጡበትን ነገሯት።

"ኢንጂነር እውነቱን ነው" አለቻቸው። "እኔ ከአዲሱ ክምር ወጥቼ እጄን ሳልታጠብ እንኳን ምግብ፣ ልጅ አልነካም። አሮጌውን ግን አልፈራም። በጓሮዬ በቆሎ ላይ አድርጌዋለሁ፤ አስፈቅጄ ነው።" ወደ እኔ ዞረች። "አስፈቅጄ ነው፤ መዝገቡ ላይ አለ። የአጥሩም ነገር አለ።"

መዝገቡ! አዴ በየቀኑ የሆነውን በቁቤ፣ በኦሮምኛው ፊደል፣ ትጽፍና ዓርብ ዓርብ ገጾቹን ታመጣልኛለች። እኔ ሳላነብ ማኅተም አድርጌ ወደ መሳቢያዬ እከታቸዋለሁ። ሮጬ ገብቼ አወጣኋቸው። ከስብሰባው ሳምንት ጀምሮ፣ በዚያ ክብ ክብ የእጅ ጽሑፏ፣ ሽቦው መነቀሉ፣ የአህያ ኮቴ መታየቱ፣ አጥሩ እንዲጠገን መጠየቋ፣ እንደገና መጠየቋ ተጽፏል። ሁሉም ገጽ ላይ የእኔ ማኅተም አለ።

"አዴ፣ ታዲያ ያን ቀን ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅከኝም" አለች። "ማን ወሰደው አላልከኝም። የት ወሰድሽው ነው ያልከኝ።"

ይቅርታ ጠየቅኋት፤ በሽማግሌው ፊት። እሺ አለች። ቁልፉን ስዘረጋላት ግን ወዲያው አልተቀበለችኝም። ሽቦው ሲጠገን እቀበላለሁ አለች፤ ሲጠገንም ተቀበለች።

በዚያ ሳምንት ሽማግሌው የሰላጣውን መደብ ገለበጡት። ጎረቤቶቻቸውም፣ እያጉረመረሙ፣ ተከተሏቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየቤቱ እየዞረች የወስፋት ኪኒን አዳረሰች። እኔም ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። "ስንት ጊዜ አብረን በልተናል፤ ዛሬ ነው የምትነግረኝ?" አለች። ዛሬ ነው ያወቅሁት ብላትም ለተወሰኑ ቀናት በጎን ታየኝ ነበር። ሁላችንም ኪኒን ዋጥን። ልጄ ካሮት ስታይ አሁንም መጀመሪያ የእኔን ፊት ታያለች።

ከዚያ እቅዱን ቀድጄ ከአዲስ ጀመርኩ። ስሕተቱ አሁን ገብቶኝ ነበር። እቅዱ የተጻፈው ማንም አይፈልገውም በሚል ነው፤ ስለዚህም ሁሉ ነገሩ መጣያ ፍለጋ ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ። የሚፈልገው ሞልቷል፤ የሚፈልገው ሰው ግን እኛን አያምንም፣ ስለዚህ በአጥር ስር ይወስደዋል፣ የሚወስደውም የማይወሰደውን ነው። የሚያስፈልገው ሩቅ ሜዳ ሳይሆን በበር ላይ የሚቆም፣ ሁለቱም ወገን የሚያየው ሰው ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ለወስፋቱ ሰጠሁት። ከዚያ፦ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ዝቃጭ እዚያው ያቆያል፤ ሲሬ በሲሬ፣ ዲጋ በዲጋ። ጊዜውን ያልጨረሰ ክምር ተለይቶ ይታጠራል። የቆየው ለበቆሎ፣ ለቡና ችግኝና ለዛፍ ይሰጣል እንጂ በጥሬው ለሚበላ አትክልት አይሰጥም። በሩ ላይ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ፣ ከገበሬው አንድ ሰው ይቆማል። አንገር ጉቲን ራሱ ካልጠየቀ በስተቀር ምንም አይወሰድበትም።

ሃላፊዬ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። "ይህን እንድትቀይር ማን ነው የነገረህ? ያ ባለ ጃንጥላው ሽማግሌ ምን አደረገልህ?"

"ካሮት ሊያበላኝ ነበር" አልኩት። አልሳቀም። ረቂቁ ጠረጴዛው ላይ ብዙ ጊዜ ተኛ። በመጨረሻ ያስነሳው ሽማግሌው ናቸው፤ ሁለተኛ ስብሰባ እንዲጠራ ራሳቸው ጠየቁ። ያው አዳራሽ፣ ያው ሕዝብ። ተነሥተው፣ እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ከአጥሩ ስር ይወስዱ እንደነበር በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ። ከዚያ፣ "እነዚህን ሰዎች ዛሬም አላምናቸውም" አሉ ወደ እኛ እያመለከቱ። "ስለማላምናቸው ነው በሩ ላይ መቆም የምፈልገው።" አንድም ሰው አልሳቀም፤ ብዙዎች እጃቸውን አወጡ። ቃለ ጉባኤውን ሃላፊዬ ራሱ ፈረመበት፤ በኋላ ለበላይ ሲያቀርበው ሐሳቡ ከጥንትም የእሱ እንደነበረ አድርጎ ሲናገር ሰማሁት። ይሁን ብዬ ተውኩት።

ለአባቴ አንገር ጉቲን ከእቅዱ መውጣቱን በስልክ ነገርኩት። ይደሰታል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ "ጥሩ ነገር ከሆነ ታዲያ እኛን ለምን ዘለላችሁን?" አለኝ።

አሁን እቅዱ ሥራ ላይ ነው፤ እንደ ማንኛውም እቅድ በከፊል። የሲሬው ማድረቂያ ጣራ ገና አላለቀም። ከቦቴ ሾፌሮቹ መካከል ሁሉንም ጭነት በትክክል እዚህ የማያራግፍ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ገና አልያዝኩትም፣ ምናልባትም የለም። ባለፈው ወር አንድ ገበሬ ከሲሬ በኩል ደብዳቤ አጽፎ መጣ፤ የቆየውን ዝቃጭ ለበቆሎ እፈልጋለሁ ይላል። አዴ በሩ ላይ አቁማ ጠየቀችው።

"ለበቆሎ ብቻ?"

"ለበቆሎ ብቻ፣ አዴ።"

"ጓሮህ ውስጥ ሌላ ምን አለ?"

"ምንም።"

ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ተደግፈው ከላይ እስከ ታች አዩት። አዴም አላመነችውም። እኔም አላመንኩትም። በማግስቱ ሦስታችን አውቶቡስ ተሳፍረን ሲሬ ወረድን፤ ሰውየው ከመንገድ ዳር ተቀብሎ እየሳቀ ወደ ማሳው ወሰደን። ዞረን ዞረን አየን። አዴ ከቤቱ ጀርባ ሳይቀር ገብታ አየች። በቆሎ ብቻ ነበር።